ማን ነካው?

የቤት ኮምፒዩተር በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ ሲቀር፣ በከተማው አነጋገር «ስታክ ሲያደርግ»፣ ከቤተሰቡ አፍ መጀመሪያ የምትወጣው ጥያቄ «ምን ሆነ?» የምትል አይደለችም። «ማን ነካው?» የምትል ናት። ሁለቱ ጥያቄዎች እኅትማማች ይምሰሉ እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው። «ምን ሆነ?» ወደ ዕቃው ትመራለች፤ «ማን ነካው?» ወደ ሰው። የመጀመሪያይቱ ምርመራ ትሻለች፤ ሁለተኛይቱ ተጠርጣሪ ትሻለች። ተጠርጣሪ ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም። ጌም ሲጫወት ያመሸ ልጅ አለ፤ ጠዋት ጠረጴዛውን የወለወለች የቤት ሠራተኛ አለች፤ ባለፈው ሳምንት ፍላሽ ሰክቶ የሠርግ ፎቶግራፍ የገለበጠ ዘመድ አለ፤ ከሁለት ወር በፊት ማሽኑን ፈትቶ የገጠመ የጥገና ባለሙያ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ የጥፋትን መንስኤ ሳናውቅ ጥፋተኛ ለመሰየም የሞራል መብት አለን ወይ? ነገሩ ከአንድ የቤት ዕቃ ጋር ተያይዞ ሲነሣ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው በትንሽ ነገር የለመደውን ፍርድ ትልቅ ነገር ሲገጥመው አይተወውም። ወረድ ብለን እንደምናየው ይኸው የ«ማን ነካው?» ልማድ ፍርድ ቤቶቿ በሚከበሩላት በአንዲት አገር ከ900 በላይ ሰዎችን በወንጀል አስፈርዶባቸዋል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው እናንሣ። ኮምፒዩተር ሲደርቅ ምልክቱ አንድ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ባለበት ይቆማል፤ የማውሱ ቀስት አይነቃነቅም፤ ኪቦርዱ ቢደበደብ መልስ የለም። መንስኤው ግን አንድ አይደለም። አንደኛው ሙቀት ነው። የማሽኑ አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል፤ ግለቱን የምታባርር ትንሽ ፋን ከላዩ ተቀምጣለች። ፋኗ አቧራ ከዋጠች፣ ወይም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ቅባት ከደረቀ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ወይም ራሱን ያጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር ይታከላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት ዐቅሙ የዚያኑ ያህል ያንሳል። ብርዷ ያስመካናል እንጂ አየሯ ለፋኗ ያን ያህል አጋዥ አይደለም።

ሁለተኛው ራም ነው። የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነው ራም እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች አሉት። ከእነዚያ መካከል አንዲቱ ብትታመም፣ ፕሮግራሙ እዚያች ክፍል ላይ እስኪደርስ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው፤ የደረሰ ለታ ይደርቃል። ብልሽቱ አንድ ቀን ታይቶ ሦስት ቀን የሚሰወረው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ አንዲት የተጎዳች ቦታ ለማንበብ ደጋግሞ ሲታገል ሌላው ሥራ ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። አራተኛው መብራት ነው። ከፍ ዝቅ የሚል ኃይል ፓወር ሳፕላዩን ያደክማል፤ የደከመ ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ያንገዳግዳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የተገጠሙ ካፓሲተሮች ጊዜያቸው ሳይደርስ እያበጡ ሲፈነዱ፣ ባለቤቶቹ ግን ልጆቻቸውን ሲቆጡ እንደከረሙ መገመት አያዳግትም።

አምስተኛው መንስኤ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል፤ ምክንያቱም አንድም የተበላሸ ነገር የለበትም። የሆላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ለተማሪዎቹ ያቀረበው ጥያቄ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ኋላ በፈላስፎች ምሳሌ አስጊጦታል። አምስት ፈላስፎች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። በየሁለቱ መካከል አንድ ሹካ አለ፤ ለመብላት ግን ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። አምስቱም በአንድ ጊዜ በግራቸው ያለውን ሹካ ቢያነሡ፣ እያንዳንዱ የቀኙን ሹካ ከጎረቤቱ ሲጠብቅ፣ ማንም የያዘውን ሳይለቅ፣ ሁሉም በምግብ ፊት በረኃብ ያልቃሉ። ከአንድ መሶብ በእጃችን ለምንበላ ሰዎች ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ሲጠብቅ የሚፈጠረው መቆላለፍ በትክክል ይህ ነው። ሁለቱም ሥርዐታቸውን ጠብቀው ሠርተዋል፤ ሁለቱም ትዕግሥተኞች ናቸው፤ ማሽኑ ግን ቆሟል። እዚህ ላይ «ማን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም፤ የነካውም ያጠፋውም የለምና።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው አንድ ቁም ነገር አለ። ምልክት ስለ መንስኤው አይመሰክርም። የደረቀ ስክሪን «ደርቄአለሁ» ይላል እንጂ «ያደረቀኝ እገሌ ነው» አይልም። ያን ቃል የምንጨምርለት እኛ ነን።

ምልክቱ ካልነገረን ጥፋተኛውን በምን እናገኛለን? አበው ሳይቸግራቸው አልቀረም፤ ለዚህም የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይሮጣል፤ በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ይህ ዘዴ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ምንጊዜም መልስ ይሰጣል። ልጁ አንድ ቦታ መውደቁ አይቀርምና። ትልቁም ጉድለቱ ያው ነው፤ ምንጊዜም መልስ ይሰጣል።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው እስኪጠቆም ድረስም ወደ ቤት መሄድ የለም። አውጫጭኝ ከሌባ ሻይ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚያውቅ ሰው ይናገር ዘንድ በር ይከፍታል። ይሁን እንጂ ከብቱ ሳይጠጣ፣ እርሻው ሳይታረስ የቀረበት ገበሬ ከእውነቱ ይልቅ መለቀቁን ሊመኝ ይችላል። ስም ለመገላገያ ሲፈለግ ስም አይጠፋም።

ሦስተኛው ዘዴ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚመጣ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ላም ሲነጥፍ፣ «ቡዳ ነው» ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚለው አልጠፋም። የቡዳ ስም ደግሞ በዘፈቀደ አልወደቀም። ማረሻውን በሚሠራልን ቀጥቃጭ፣ ድስቱን በምትሠራልን ሸክላ ሠሪ ላይ ነው የወደቀው። ማብራሪያ ስናጣ ማብራሪያውን የጫንነው ራሱን ለመከላከል ዐቅም በሌለው ላይ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ሦስቱንም ዘዴዎች ይዘን እንቀመጣለን። «ቫይረስ ነው» እንላለን። ቫይረስ መኖሩ እውነት ነው፤ ማሽን ማስቸገሩም እውነት ነው፤ ግን ሳይመረመር የሚባለው «ቫይረስ ነው» ምንም አይነግረንም፤ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በሌላ ስም መጥራት ነው። «ፎርማት ይደረግ» እንላለን። ፎርማት ማለት አገሩን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦ መቅጣት ነው፤ የበደለውም ያልበደለውም ፋይል አብሮ ይጠፋል። በሽታው የፋኗ አቧራ ከነበረ ደግሞ ማሽኑ ፎርማት ተደርጎም በሦስተኛው ቀን ይደርቃል። «ከሠራተኛዋ ጽዳት በኋላ ነው የጀመረው» እንላለን። ይህ ሌባ ሻይ ነው፤ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ በሌላው ምክንያት መጣ ብሎ፣ ሐሳባችን ተንገዳግዶ የወደቀበትን ቤት መክሰስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ሰው ሁሉ መሐንዲስ አይደለም። ማሽኑ ሲቆም መንስኤው እስኪታወቅ እንዴት ይጠበቃል? አጥፍቶ ማስነሣት አይሻልም ወይ?» ተቃውሞው እውነት አለው፤ እንዲያውም ተቃዋሚው ከሚያስበው በላይ እውነት አለው። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው ጥናት የሚከተለውን የሚያስከትል ማረጋገጫ ሰጥቷል፦ ማናቸውንም ፕሮግራም ተመልክቶ «ይህ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል» ወይም «ይህ ለዘለዓለም ይሽከረከራል» ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርድ አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር አይችልም። ገና አልተገኘም ማለት አይደለም፤ ሊገኝ አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ በደረቀ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው «ማሽኑ ሞቷል ወይስ ከባድ ሥራ ይዞ እያሰበ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጠየቀው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አሥር ደቂቃ የጠበቀ በአሥራ አንደኛው ይመለስ እንደነበር አያውቅም።

እርግጠኛነት በማይገኝበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው መወሰን አለበት። የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ የነበረው ዴቪድ ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ለቀረበው የግል ኮምፒዩተር ሦስት ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ማሽኑን ዳግም የሚያስነሣውን ዘዴ ሲያበጅ ለራሱና ለሥራ ባልደረቦቹ ጊዜ ቆጣቢ እንዲሆን ነበር፤ ኋላ የዓለም ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ሆነ። ማሽንን ምክንያቱን ሳያውቁ ማስነሣት ነውር የለበትም። ማሽኑ አይቀየምም፤ ስሙ አይጠፋም፤ ጎረቤት አያፍርበትም።

ይሁን እንጂ ማስነሣትም የራሱ ዋጋ አለው። ኮምፒዩተር ሲጠፋ በራሙ ላይ የነበረው ሁሉ ይታጠባል፤ ይኸውም ስለ ብልሽቱ ሊመሰክር ይችል የነበረው ዋናው ምስክር ነው። ከግድያው በፊት የሟቹን ቃል መቀበል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኪቦርዱ ላይ ትልልቅ ፊደል የሚያወጣውን ቁልፍ ተጭኖ ትንሿ መብራት መብራትና መጥፋቷን ማየት ይቻላል። መብራቷ ከታዘዘች ስክሪኑ ይድረቅ እንጂ የማሽኑ ውስጥ ገና ሕያው ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ፕሮግራም ያደላል። ካልታዘዘች ጥርጣሬው ጠለቅ ይላል። ይህን ለማድረግ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ «ይቅር ተባባሉ» ብሎ ማስነሣት ቀላል ነው፤ የነገሩ ሥር ካልተጠየቀ ግን ጠቡ በሳምንቱ ይመለሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ መባሉ ለዚህ ነው።

ሥሩ የሚፈለግበት መንገድ ደግሞ ከእውቀት ይልቅ ሥነ ምግባር ይፈልጋል። ሕጉ አጭር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ማሽኑ በርቶ ሃያ ደቂቃ ሲሞላው የሚደርቅ ከሆነ ጎኑን ከፍቶ አቧራውን ማጽዳትና የሰዓቱን ለውጥ መጻፍ። ሁለት ራም ካለው አንዱን አውጥቶ በሌላው ብቻ መሥራት፤ ከዚያ ማቀያየር። ራምን የሚፈትሽ ፕሮግራም አስነሥቶ ሌሊቱን ማሳደር። በሌላ ሶኬት፣ በሌላ ስታቢላይዘር መሞከር። ራሙንም ፋኑንም ዊንዶውሱንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢድንለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ፈተና ነው። የተጠረጠረው ዕቃ ወጥቶ ማሽኑ ከዳነ በኋላ፣ ያንኑ ዕቃ መልሶ አስገብቶ ብልሽቱ ይመለስ እንደሆነ ማየት። የጥገና ባለሙያዎች ራም አውጥተው እግሮቹን በላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርገው መልሰው ሲሰኩት ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይድናል። ታዲያ ታሞ የነበረው ራሙ ነው ወይስ መሰኪያው ላልቶ ነበር? አዲስ ራም ገዝቶ የሰካም ሰው ያው ድነት ሊገጥመው ይችላል፤ የዳነው ግን በመሰካቱ እንጂ በአዲስነቱ ላይሆን ይችላል። አሮጌውን መልሶ ያልሞከረ ሰው ንጹሑን ራም በወንጀለኛነት ጥሎታል። ይህን ፈተና የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ሰው ከተገላገለ በኋላ እውነትን ለመፈለግ አይቸኩልምና። ባለቤቱ ማየት በማይችለው ሣጥን ውስጥ እጁን የሚያስገባ ባለሙያ ሐቀኝነቱ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። «ይህ ነበር ችግሩ» እና «ይህን ስለውጥ ቆመ» በሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለደንበኛው የሚናገር ከሆነ የታመነ ሰው ነው።

ይህ ሥነ ምግባር ሲጠበቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች። ጥቂት ቀናት እንደሠራች ኮምፒዩተሯ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ይነሣ ጀመር። ማሽኑ ከ190 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ጎኑን የሚከፍት የለም። መሐንዲሶቹ ያደረጉት በምድር ላይ በነበራቸው አምሳያዋ ላይ ያንኑ ሥራ እየደጋገሙ ብልሽቱን ሆን ብለው እንዲደገም ማድረግ ነበር። በመጨረሻ ተያዘ። አንድ ዝቅተኛ ሥራ፣ የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው፣ የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ሥራዎች ቀድመውት ይገባሉ፤ ቁልፉን የሚፈልገው ከፍተኛው ሥራ ደግሞ ይጠብቃል። ጠባቂ ሆኖ የተቀመጠው ክፍል «ዋናው ሥራ በሰዓቱ አልተሠራም» ብሎ ሁሉን ያጠፋና ያስነሣል። መፍትሔው ቁልፍ የያዘው ዝቅተኛ ሥራ ቁልፉን እስኪለቅ ድረስ ለጊዜው ከፍተኛ ማዕርግ እንዲሰጠው ማድረግ ነበር። ትእዛዙ በሬዲዮ ተላከ፤ ብልሽቱም ቆመ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ያለ ፈተና ተጠርጣሪ ቢፈለግ ኖሮ ያ ዝቅተኛ ሥራ ይበቃ ነበር፤ ብልሽቱ የታየው እሱ መረጃ መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ ነውና። «እሱ ነካው» ተብሎ ቢቆረጥ ኖሮ ግን የማርስ አየር ሳይለካ ይቀር ነበር። የጠፋው ሥርዐቱ እንጂ ሠራተኛው አልነበረም። ሁለተኛ፣ መሐንዲሶቹ ያንኑ ብልሽት ገና በምድር ላይ ሳሉ አይተውት ነበር፤ ሊደግሙት ሲሞክሩ እምቢ ስላላቸው ምንጩ ሳይታወቅ ቀረ። ያልተገለጠ ብልሽት እንደተኛ ዕዳ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይነሣል።

ሥነ ምግባሩ ሲጣስ የሚሆነው ደግሞ በብሪታንያ ታየ። በዚያ አገር በየሠፈሩ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ከፖስታ ቤት ጋር ተዋውለው የፖስታ አገልግሎት ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሒሳባቸው «ሆራይዘን» በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዐት እንዲያዝ ተደረገ። ከዚያ በየቦታው የሒሳብ ጉድለት ይታይ ጀመር፤ ኮምፒዩተሩ «ይህን ያህል ገንዘብ ሊኖር ይገባል» ይላል፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን የለም። ማሽኑ ስለማይሳሳት የጎደለውን የወሰደው ሰው መሆን አለበት ተባለ። ወኪሎቹ ስልክ ደውለው ሲያመለክቱ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመዎ እርስዎ ብቻ ነዎት» ይባሉ እንደነበር ብዙዎቹ መስክረዋል። ጉድለቱን ከቁጠባቸው የከፈሉ አሉ፤ ቤታቸውን ያጡ አሉ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በዚህ ሥርዐት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም አሉ። አብዛኞቹን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር፤ ባለዕዳ ጠያቂው፣ መርማሪውና ከሳሹ አንድ አካል ሆነ ማለት ነው።

ሕጉም አግዟል። እስከዚያ ዘመን ድረስ በእንግሊዝ አገር የኮምፒዩተር መረጃ በወንጀል ክስ ላይ በማስረጃነት እንዲቀርብ ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር መረጋገጥ ነበረበት። ይህ ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ማሽኑ በትክክል እንደሠራ ይገመታል ተባለ። ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው የሚለው የቆየ መርሕ በተግባር ለማሽኑ ተሰጠና ከሰውዬው ተወሰደ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ሊያይ የማይችለው ባለሱቅ ማሽኑ መታመሙን እንዲያስረዳ ተጠየቀ።

ማሽኑ ግን ታሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በስኮትላንድ ከተደረሰበት አንድ ብልሽት እንይ፤ የነገራችንን መነሻ ያስታውሳልና። አንዲት ወኪል 8,000 ፓውንድ ወደ ሌላ የአገልግሎት ጣቢያ ስታዛውር ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። መልስ ስታጣ የማረጋገጫ ቁልፉን ደግማ ደጋግማ ተጫነች፤ ማንም የሚያደርገው ነው። ማሽኑ ግን ደርቆም ይቆጥር ነበር። ዝውውሩ አራት ጊዜ ተመዘገበና 24,000 ፓውንድ የጎደለ መሰለ። ያ ገንዘብ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዐቱ ስሕተቶችና ጉድለቶች እንደነበሩበት ፈረደ። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የ39 ሰዎችን ፍርድ በአንድ ቀን ሰረዘ። በ2024 ደግሞ ፓርላማው ባወጣው ልዩ ሕግ የቀሩት ፍርዶች በጅምላ ተሻሩ። ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥት አጣሪ በ2025 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ ከ13 የማያንሱ ሰዎች በዚሁ ሳቢያ ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ገልጿል። ለነሱ የተሻረው ፍርድ አልደረሰላቸውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስና መልሱን ቁርጥ አድርገን እንናገር። ሳያውቁ ማድረግና ሳያውቁ መክሰስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቱሪንግ እንዳሳየው ሁሉን አውቀን ከዚያ እናድርግ ካልን ከደረቀው ማሽን ጋር ደርቀን እንቀራለን። ስለዚህ ሳያውቁ ማስነሣት፣ ሳያውቁ መሞከር፣ ሳያውቁ መለወጥ ይፈቀዳል፤ የተሳሳትን እንደሆነ የምናጣው ጊዜና ገንዘብ ነው። ሰውን ሳያውቁ ጥፋተኛ ማለት ግን አይፈቀድም፤ የተሳሳትን እንደሆነ የሚያጣው ሌላ ሰው ነውና። በራስ ኪሳራ መገመት ድፍረት ነው፤ በሌላ ሰው ኪሳራ መገመት ግን ግፍ ነው። የፖስታ ቤቱ ሹማምንት በደል ማሽናቸው በመበላሸቱ አልነበረም፤ የማይበላሽ ማሽን የለም። በደላቸው «አናውቅም» ማለት ሲገባቸው «አንተ ነህ» ማለታቸው ነው።

«የእኛ ቤት ጉዳይ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው የአቅም ልዩነት ነው። በቤት ውስጥም የሚከሰሰው ማሽኑን የማያውቀው፣ ራሱን ለመከላከል ቃል የሌለው ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ጌም ፕሮሰሰር ማጋል እንጂ ማበላሸት እንደማይገባው ለአባቱ ሊያስረዳ አይችልም። ደመወዟ ይቆረጣል ብላ የምትሰጋ ሠራተኛ ካፓሲተር ሲያረጅ እንደሚያብጥ አትናገርም። የቤቱ ጌታ «ማን ነካው?» ብሎ ሲጮህ ከሳሹም መርማሪውም ዳኛውም እሱ ነው፤ የጎደለውን የሚከፍለው ግን ሌላው።

ደግሞም አንድ የማይጤን ነገር አለ። ኮምፒዩተር በመጨረሻ ይጠገናል። ፋኗ ትጸዳለች፤ ራሙ ይለወጣል፤ ማሽኑ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። የብልሽቱ ምክንያት እፍኝ አቧራ ሆኖ ሲገኝ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ባለሙያው ይመሰገናል፤ ሒሳቡ ይከፈላል። በዚያ ሰዓት ወደ ልጁ ወይም ወደ ሠራተኛዋ ሄዶ «ያን ለታ ያልኩሽ ልክ አልነበረም» የሚል ስንት ነው? ማሽኑን ለመጠገን ገንዘብ ያወጣን ሰዎች፣ ቃላችንን ለመጠገን ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንሰስታለን። በሰው ላይ የወደቀ ክስ ደግሞ እንደ ራም አጥፍተው ሲያስነሡት የሚታጠብ አይደለም። የወረወረው ሰው ራሱ ተመልሶ ካላነሣው በቀር ባለበት ይቀመጣል።